ጭምት ባሕር፣ ጨዋ ወታደር



ለዚህ ምሽት ስጋበዝ ወላጆች «በአማርኛ ይሁንልን» አሉኝ። ልጆቹ ደግሞ በወላጆቻቸው በኩል «ዓድዋን በየዓመቱ እንሰማለን፤ ዛሬ እንኳ ሌላ ነገር ይሁን» ብለው ላኩብኝ። ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም፣ ልጆች የሚያውቁትን አንድ የእንግሊዝኛ ቃልና ወላጆች የሚያውቁትን አንድ የአማርኛ ቃል ይዤ መጥቻለሁ። የእንግሊዝኛው «ዲሚዩር» ነው። የአማርኛው «ጨዋ» ነው። ዛሬ ሁለቱንም ለታረመ፣ ለተረጋጋ፣ ራሱን ከፍ ከፍ ለማያደርግ ሰው እንሰጣቸዋለን። እዚህ የደረሱት ግን ከሩቅ ተነሥተው ነው፤ አንዱ ከባሕር፣ ሌላው ከጦር ሰፈር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ከልጆቹ ልጀምር። በ2024 ነሐሴ ወር ጁልስ ለብሮን የምትባል የቺካጎ ነዋሪ ቲክቶክ ላይ አጭር ቪዲዮ ለቀቀች። ለብሮን ትራንስጀንደር ሴት ናት፤ በዚያ ጊዜ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ወደ ሥራ ስትሄድ ፀጉሯን እንዴት እንደምትይዝ፣ ሜካፑን እንዴት እንደማታበዛው እያሳየች፣ እንዲህ ሲሆን «ዲሚዩር» ነው፣ ማስተዋልም አለበት ትላለች። አነጋገሯ ቀልድ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም። ብዙ ሳይቆይ ታዋቂ ሰዎች ደገሙት፣ ኩባንያዎች ማስታወቂያ አደረጉት፣ ልጆቻችን ለቁርሳቸውም ለጫማቸውም «ዲሚዩር» ማለት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዲክሽነሪ ዶት ኮም የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው።

ቋንቋ ወዳድ ነን የሚሉ ሰዎች ያን ጊዜ «ቃሉን አበላሹት» ብለው አጉረመረሙ። እኔ ግን ልጆቹ ቃሉን ያበላሹት አይመስለኝም። እንዲያውም ወደ ጥንቱ ቤቱ ጥቂት እርምጃ የመለሱት ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

«ዲሚዩር» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ያለው በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም ነው። በዚያ ዘመን ከሚገልጻቸው ነገሮች አንዱ ባሕር ነበር፤ ማዕበል ያልተነሣበት፣ መርከብ የማያንገላታ ባሕር። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ ዓይኗን ወደ መሬት የጣለች ልጃገረድ ትታየናለች፤ ያን ጊዜ የሚታየው ውኃ ነበር። የቃሉን ሥር በተመለከተ ሊቃውንቱ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ፣ «የበሰለ» ማለት ነው ይላሉ። ሌሎቹ «ቆየ፣ ተቀመጠ» ከሚለው ግሥ ነው የመጣው ይላሉ። አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህ ክርክር ብዙ አያስጨንቅም፤ እኛ ዘንድ ሁለቱም አብረው ይኖራሉና። «የበሰለ ሰው» እንላለን። «ረጋ ያለ ሰው» እንላለን። እንዲያውም «ረጋ» የሚለውን ቃል ለውኃም ለሰውም ለወተትም እኩል እንጠቀምበታለን።

ከባሕር ወደ ሰው ሲሻገር ቃሉ ወንድ ሴት አይለይም ነበር። በቁም ነገር የሚሄድ፣ ሳቁን የሚቆጥብ ሰው ሁሉ ዲሚዩር ነበር። ታዲያ ይህን ዓይነት ምስጋና የያዘ ቃል ዕጣው አንድ ነው፤ ሰዎች ምስጋናውን ይፈልጉታል፣ ስለዚህ ምልክቶቹን ያጠናሉ። ሼክስፒር በ1601 ገደማ በጻፈው ትወልፍዝ ናይት በተባለው ተውኔት ማልቮሊዮ የሚባል የቤት አዛዥ አለ። እመቤቱን አግብቶ ጌታ የሚሆንበትን ቀን በሐሳቡ ይስላል። ሎሌዎቹን ምን በመሰለ ዓይን እንደሚገላምጣቸው ብቻውን ሲለማመድ ሼክስፒር ለዚያ አስተያየቱ የሰጠው ቃል «ዲሚዩር» ነው። ልብ በሉ፤ ገና በዚያን ጊዜ ጭምትነት ልምምድ የሚደረግበት ነገር ሆኗል፤ የሚለማመደውም ወንድ ነው፤ የሚለማመደውም ከበላይ ሆኖ ለመታየት ነው።

መቶ ሃምሳ ዓመት እንለፍ። በ1755 ሳሙኤል ጆንሰን ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና፣ ጆንሰን ለእኛ ባዕድ ሰው አይደለም። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1735 የወጣው የኢየሱሳዊው የሎቦ የኢትዮጵያ ጉዞ ትርጉም ነው። በ1759 ደግሞ እናቱ ሲሞቱ ለቀብር ወጪ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ራሴላስ የተባለውን የአንድ ኢትዮጵያዊ ልዑል ልብ ወለድ በጥቂት ቀናት ጻፈ። ያን መጽሐፍ ኋላ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ሀገራችንን በእግሩ ረግጧት አያውቅም፤ ሆኖም በብዕሩ ሁለት ጊዜ መጥቶባታል።

እና ጆንሰን «ዲሚዩር» ለሚለው ቃል ሁለት ፍች ሰጠ። አንዱ የታረመ፣ ደንብ ያለው። ሁለተኛው ጭምት መስሎ የሚታይ፤ ይህኛውን ሲፈታ፣ ቃሉ በእሱ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ በንቀት እንደሚነገር አከለበት። የቃሉንም ምንጭ «ጠባይ» ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው ብሎ ገመተ፤ የኋላ ሊቃውንት ግምቱን አልተቀበሉትም። የእኔ ትኩረት «በንቀት ይነገራል» በምትለው ማስታወሻ ላይ ነው። አራት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የረጋ ባሕር የነበረው ቃል የሚጠረጠር ፊት ሆነ።

ይህን ጥርጣሬ እኛ ከማንም በፊት እናውቀዋለን። «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» የሚል ሕዝብ እኮ ነን። እናቶቻችን «ዝም ያለ ሰው ያስፈራል» ሲሉ የጆንሰንን መዝገበ ቃላት አላነበቡም። ልዩነቱ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ምስጋናውንም ጥርጣሬውንም በአንድ ቃል ውስጥ አሰፈራቸው፤ አማርኛ ግን ምስጋናውን «ጭምት» እና «ጨዋ» ለሚሉት ቃላት ሰጥቶ፣ ጥርጣሬውን ለምሳሌያዊ አነጋገሩ ተወለት። ለዚህ ነው «ጨዋ» ስድብ ሳይሆን እስከ ዛሬ የቆየው። ስድብ ላለመሆኑ ግን ሌላም፣ የከበደም ምክንያት አለው። ወደዚያ ልሂድ።

«ጨዋ» በ15ኛው መቶ ዓመት ማለት ወታደር ነው። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በየጠረፉና በየአውራጃው የሚያሰፍሯቸው የንጉሥ ጭፍሮች «ጨዋ» ይባሉ ነበር። እያንዳንዱ ጭፍራ የራሱ ስም አለው፤ ከታወቁት አንዱ ጃን አሞራ ነው፤ ሰሜን ውስጥ ያለው የጃን አሞራ ወረዳ ስሙን እስከ ዛሬ ይዞታል። በ1520 ኢትዮጵያ የገባውና ስድስት ዓመት የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ «ጨዋ» የሚለውን ቃል ሰምቶ በራሱ ፊደል ጽፎታል፤ የታጠቁ ተዋጊዎች ናቸው ብሎም ፈትቶታል። እንግዲህ አልቫሬዝ ዛሬ ተነሥቶ «ልጅዎ ጨዋ ናት» የሚል አማርኛ ቢሰማ፣ ልጅቷ ጋሻና ጦር የት እንዳስቀመጠች ይጠይቅ ነበር።

ከወታደሩም በፊት ያለው ታሪክ ደግሞ ይብሳል። በግእዝ «ፄዋ» ምርኮ ነው፤ «ፄወወ» ማረከ ነው። ካህናት የባቢሎንን ምርኮ ሲያነቡ የሚያነቡት ይህንኑ ቃል ነው። የመካከለኛውን ዘመን ያጠኑ ታሪክ ጸሐፊዎች የጨዋን ስም ከዚህ ሥር ጋር ያገናኙታል፤ ንጉሡ በየዘመቻው ከሚማርካቸው ሰዎች ጭፍራ ያቆም ነበርና። ስለዚህ የቃሉ ጉዞ እንዲህ ነው፤ ምርኮኛ፣ ወታደር፣ ባለመሬት፣ ወገናም ሰው፣ በመጨረሻ መልካም ጠባይ ያለው ሰው። አንዳንዶች «ጨው» ከሚለው ጋር ያያይዙታል፤ ጨው ያለው፣ የጣፈጠ ሰው ማለት ነው ይላሉ። ለጆሮ ያምራል፤ ማስረጃ ግን የለውም።

ምርኮኛው እንዴት ወገናም ሆነ? ነገሩ በመሬት ነው። ጭፍራው ለአገልግሎቱ መሬት ይሰጠዋል፤ በዚያ አገር ገበሬ ላይ ይተከላል፤ ልጁ መሬቱንም ስሙንም ይወርሳል። ሁለት ሦስት ትውልድ ካለፈ በኋላ አያቱ ተማርኮ እንደመጣ የሚያስታውስ የለም፤ የሚታየው መሬቱ ነው። ቀስ በቀስ «ጨዋ» ማለት ዘሩ የታወቀ፣ ነጻ የሆነ ሰው ማለት ሆነ። ሲያልቅ ደግሞ ተቃራኒው «ባሪያ» ሆኖ አረፈው። ከምርኮ የተወለደ ቃል ምርኮኛን ማራቂያ ሆነ ማለት ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ «የጨዋ ልጅ» ሲባል ደስ የሚላችሁ አላችሁ፤ ያ ቃል አያቱን ከማዕድ ያስነሣበት ሰውም ምናልባት አብሯችሁ ተቀምጧል። ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ፣ እነዚህ ሁሉ ሙያቸው እየተበላ፣ እየተለበሰ፣ እየታረሰበት ከጨዋ አይቆጠሩም ነበር። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ የዕለት ምግብ ሆኖ ስላገኙት ነው። ባርነት በሕግ ሙሉ ለሙሉ የተሻረው በ1934 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን በኋላ «ጨዋ» የሚቆምበት መሬት አልነበረውም። ለጠባይ መግለጫነት ድሮም ያገለግል ነበር፤ አሁን ግን የቀረው እሱ ብቻ ሆነ።

አንድ ፍች ዘልዬአለሁ፤ ሆን ብዬ ነው። ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያደጋችሁ «ጨዋ» ሲባል ሌላ ነገር ሰምታችሁ ይሆናል፤ ያልተማረ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ካህንም ደብተራም ያልሆነ ሰው። የአብነት ተማሪ አንዱን ሰው «ተወው፣ እሱ ጨዋ ነው» ቢል ጠባዩን ማመስገኑ ላይሆን ይችላል፤ ዜማና ቅኔ አያውቅም ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ በር ገብተው በሁለት በር የወጡት። ጥንታዊ እንግሊዝኛ ካህን ላልሆነ፣ መጽሐፍ ለማያነብ ሰው አንድ ቃል ነበረው። ያ ቃል እስከ ዛሬ በሕይወት አለ፤ አሁን የሚነገረው «ሉድ» ተብሎ ነው። ልጆች እየሳቃችሁ ነው፤ ትርጉሙን ታውቁታላችሁ ማለት ነው። ለወላጆች ልንገራችሁ፤ ዛሬ «ሉድ» ማለት ብልግና ነው፣ ነውረኛ የሆነ የሥጋ ነገር። ጉዞው እንዲህ ነበር፤ ካህን ያልሆነ፣ ስለዚህ ያልተማረ፣ ስለዚህ ተራ፣ ስለዚህ ወራዳ፣ ስለዚህ ባለጌ። በ1611 በወጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 በተሰሎንቄ ገበያ ሁከት የሚያስነሡት ሥራ ፈቶች በዚህ ቃል ተጠርተዋል። እዚያ ፍቹ ገና «ወራዳ» ላይ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ የሥጋው ፍች ብቻውን ቀረ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ሁለቱም ሕዝቦች ምእመንን ከካህን የሚለይ ቃል ነበራቸው። እንግሊዞቹ ያን ቃል ወስደው ባለጌ አደረጉት፤ እኛ ወስደን የባለጌ ተቃራኒ አደረግነው። ለምን? እኔ የማየው እንዲህ ነው። በእንግሊዝ ብዕሩን የያዘው ካህን ነበር፣ መዝገቡንም ስሙንም የሚጽፈው እሱ ነበር፤ ስለዚህ ካህን ያልሆነው ሰው በካህኑ ብዕር ወረደ። በእኛም ብዕሩ የደብተራው ነበር። ግን ያልተማረው «ጨዋ» ጦርና መሬት ነበረው። ደብተራው በልቡ «ይህ ፊደል የማያውቅ» ቢለውም፣ ከማዕዱ ይቀርባል፣ ቅኔውን ለእሱ ይዘርፋል፣ ግብሩን ከእሱ ይበላል። በንቀት የተጀመረ ቃል የሚናቀው ሰው ጉልበት ካለው ንቀቱ አይጸናበትም። ሰው በቃል ሲወርድና ሲወጣ፣ እኔ እንደማየው፣ ብዙ ጊዜ የሚወስነው መዝገበ ቃላቱ አይደለም፤ እህሉና ጦሩ የት እንዳለ ነው።

«ናይስ» የሚለውንም ቃል ጨምሩበት፤ መምህሮቻችሁ በየቀኑ የሚሉትን። ከላቲን ሲመጣ «አላዋቂ» ማለት ነበር፤ በ14ኛው መቶ ዓመት «ናይስ» ብትባሉ ቂል ተብላችኋል። ከአላዋቂነት ወደ ደግነት ሄደ፤ በዚህኛው ከ«ጨዋ» ጋር አንድ መንገድ ይዟል። ብዙ አልቆይበትም።

አሁን ወደ ቆምንበት መሬት ልውረድ። ይህ አፐር አርሊንግተን የሚባለው የኦሃዮ ከተማ እንዴት እንደተጀመረ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በ1913 ኪንግ ቶምሰንና ቤን ቶምሰን የሚባሉ ወንድማማቾች ከጄምስ ሚለር 840 ኤከር የእርሻ መሬት ገዙ፤ በ1918 መንደሩ በሕግ ተቋቋመ። ኩባንያቸው ቦታ ሲሸጥ በውሉ ላይ ጥቁር ሰው እዚህ ቤት እንዳይገዛ፣ እንዳይከራይም የሚል አንቀጽ ነበረበት። በዘመኑ የአሜሪካ የቤት ማስታወቂያዎች እንዲህ ያለውን ሰፈር የሚያወድሱበት ቃል «ሬስትሪክትድ» ነው። ፍቹ «ገደብ ያለበት» ነው፤ ለገዢው ጆሮ ግን «የጨዋ ሰፈር» ማለት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ ከለከለ፤ በ1968 ደግሞ የፌዴራሉ የመኖሪያ ቤት ሕግ ድርጊቱን ራሱን ከለከለ። ከመካከላችን እዚህ ቤት የገዛ ሰው የገባው በዚያ በር ነው።

ታሪኩ ግን ከ1913 በፊት ይጀምራል። ፕሌዛንት ሊችፎርድ የሚባል ሰው ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወለደ፣ አንጥረኝነት ተማረ፣ ብረት እየቀጠቀጠ ነጻነቱን ገዛ፣ ወደ ኦሃዮ መጣ። ዛሬ አፐር አርሊንግተን በሆነው ምድር ከሁለት መቶ ኤከር በላይ መሬት ባለቤት ሆነ። ኮሎምበስ ውስጥ ሰከንድ ባፕቲስት የተባለውን የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ለወገኖቹ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ለሙታናቸው መቃብር የሚሆን ቦታ ከመሬቱ ሰጠ። በ1879 ሞተ። በ1955 የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠራ ሲል መቃብሩ ተነሣ፤ አፅሞች ወደ ሌላ መካነ መቃብር ተወሰዱ፤ ግን ሁሉም አልተወሰዱም። ከዓመታት በኋላ ሁለት የቀድሞ መምህራን ጉዳዩን ተከታትለው በ2017 መጽሐፍ አወጡበት፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ሲሠራ ቁፋሮው የቀሩትን መቃብሮች አገኘ። ልጆች፣ አንዳንዶቻችሁ የምትማሩበት ግቢ ነው።

ይህን የማነሣው ለማሳዘን ብዬ አይደለም፤ ከቃላችን ጋር ስለሚገጥም ነው። ሊችፎርድ በእኛ የድሮ ሚዛን ሁለት ጊዜ ከጨዋ አይቆጠርም፤ ባሪያ ነበር፣ ብረት ቀጥቃጭም ነበር። በቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ግን ከእሱ የበለጠ ጨዋ የለም፤ ተይዞ የነበረ፣ ቀጥሎም ባለመሬት የሆነ። የዘርዐ ያዕቆብ ምርኮኞች መሬት ሲያገኙ ስማቸው ከፍ አለ፤ ምክንያቱም መሬቱን የሰጣቸው ንጉሥ ከጀርባቸው ቆሟል። ሊችፎርድ መሬቱን በገዛ ገንዘቡ አገኘ፤ ከጀርባው ግን የቆመ ሥልጣን አልነበረም። ሞቶ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሆነው፣ እሱ በኖረበት አካባቢ የእሱን መልክ የያዘ ሰው ቤት እንዳይገዛ ውል ተጻፈ።

በነገራችን ላይ ዛሬም የቤት ሻጮች በዚህ ሰፈር «ሞደስት» የሚሉት ቤት አለ። ትሑት ቤት ማለታቸው ነው፤ ትንሽ ነው ለማለት። ዋጋውን ያያችሁ ትሕትናው የት እንዳለ ንገሩኝ።

ወደ ሴቶቹ ልመለስ፤ የዛሬውን ነገር ያነሣሁት በዋናነት በእነሱ ምክንያት ነው። «ዲሚዩር» ሲጀምር ወንድ ሴት አይለይም ብያለሁ። በጊዜ ብዛት ግን የሴት ቃል ሆነ፤ አለባበሷ፣ ዓይኗ፣ ድምጿ። «ጨዋ»ም እንዲሁ ነው። ወንድ ልጅ ጨዋ ነው ስንል አይሳደብም፣ ታላቁን ያከብራል፣ ገንዘብ አይበላም ማለታችን ነው። ሴት ልጅ ጨዋ ናት ስንል የምናየው ቀሚሷን ነው፤ ስንት ሰዓት ቤት እንደገባች ነው፤ ከማን ጋር ቡና እንደጠጣች ነው። የጦር ሜዳ ቃል ወደ ልጃገረድ ጓዳ ገብቶ በር ጠባቂ ሆነ። ለወንዱ ቃሉ ያደረገውን መጠየቂያ ነው፤ ለሴቷ ያላደረገችውን መጠበቂያ ነው። ይህን ስል የሚከፉ አባቶች ይኖራሉ። ይቅርታ እየጠየቅሁ እደግመዋለሁ፤ ለሴቷ ያላደረገችውን መጠበቂያ ነው።

አሁን የለብሮን ቪዲዮ ምን እንዳደረገ ማየት ይቀላል። ቃሉ ለዘመናት ሌሎች ሴቶችን የሚለኩበት ነበር፤ እሷ ራሷን የምትለካበት አደረገችው። በማኅበረሰቡ ዘንድ ሴትነቷን ብዙ ሰው የሚከራከርባት ሰው፣ የገንዘብ መቀበያው ማሽን ፊት ቆማ፣ የጥሩ ሴትን ማዕረግ ማንም ሳይሰጣት ለራሷ ወሰደች። ስታደርገውም እየሳቀች ነው፤ ሳቋ ግን ቃሉን አያዋርድም። ሥራ ቦታን የሚመጥን ሥርዓት ይዞ መገኘት፣ ረጋ ማለት፣ ማስተዋል፤ ይህ ከጆንሰን ንቀት ይልቅ ለ14ኛው መቶ ዓመት ይቀርባል። ልጆቹ ወደ ጥንቱ ቤት መለሱት ያልኩት ይህን ነው።

ወላጆችን የሚመለከት አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ትምህርት ቤት። እኛ ልጆቻችንን «ጨዋ ሁን፣ አስተማሪ ሲናገር ዝም በል» ብለን እንልካለን። የአሜሪካ ክፍል ውስጥ ግን ተሳትፎ የሚባል ነገር አለ፤ በብዙ ትምህርት ዓይነት ነጥብ ይያዝበታል። እጁን የማያነሣ ልጅ ጥሩ ሥነ ምግባር አለው አይባልም፤ አልተዘጋጀም፣ ወይም በራሱ አይተማመንም ይባላል። የወላጅና የመምህር ስብሰባ ላይ መምህሯ ልጃችሁ በጣም ጸጥተኛ ነው ስትላችሁ አመስግናችሁ የወጣችሁ አላችሁ። ምስጋና አልነበረም። ስጋቷን እየነገረቻችሁ ነበር።

መፍትሔው «ጨዋነትን ጣሉ» ነው አልልም። ዝም ማለትን የጨዋነት መጀመሪያም መጨረሻም ያደረገው ማን ነው ብላችሁ ግን እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጨዋ ማለት ሲጠራ «አቤት» ብሎ የሚወጣ ነው። በአያቶቻችን ችሎት ጨዋ ማለት ተነሥቶ፣ ኩታውን አስተካክሎ፣ «ይበል» እስኪባል የሚሟገት ነው። «ተጠየቅ» እያለ በአደባባይ የሚከራከር ሰው ባለጌ ተብሎ አያውቅም፤ ባለጌ የሚባለው ተራ ሳይጠብቅ የሚያቋርጠው ነበር። እጅ አንሥቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ጠርቶ መናገር በእኛ ደንብ ውስጥ ድሮም አለ፤ ከኦሃዮ የምንበደረው ነገር አይደለም። ለሴት ልጆቻችሁም ይኼው ይሁን። እቴጌ ጣይቱ በውጫሌ ውል ላይ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚል ታሪክ ሰምቼ አላውቅም፤ ጨዋ አይደሉም ያለም የለም። ይኸው፣ ልጆች፣ ዓድዋ ሳልጠራ ልጨርስ ብዬ ነበር፤ ደጃፉ ድረስ ደረስኩ።

እዚህ ላይ ላቁም። ከጥያቄው በፊት ግን እኔ ራሴ ጠያቂ ልሁን። «ጨዋ» ፊደል ላልቆጠረ ሰው ሲባል በጆሯችሁ የሰማችሁ እናቶችና አባቶች ካላችሁ፣ ጎጃም ይሁን ሸዋ፣ ወሎ ይሁን ጎንደር፣ ማን ለማን እንዳለው፣ ምን ብሎ እንዳለው ብትነግሩኝ መጻፍ እፈልጋለሁ። በዕድሜ የገፉት ይቅደሙ፤ ማይክሮፎኑ ከወይዘሮዋ ይጀምር፣ እሳቸው ከንግግሬ መካከል ጀምሮ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር።